ንቅሳትና ሕመም፦ የሚነቀሰውን የአካል ክፍል ለመምረጥ የሚረዳ መረጃ

ንቅሳት በመርፌ ወይም በሌላ ሹል ነገር ቀለምን ከላይኛው የቆዳ ሽፋን በታች በማስገባት በሰውነት ላይ ዘላቂ ምልክት ወይም ጌጥ የማኖር ድርጊት ነው። በወሎም ሆነ በሌሎች የአማራ ክልል አካባቢዎች የግንባር፣ የአንገት፣ የአገጭና የድድ ንቅሳት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በኤሌክትሪክ መሣሪያ በክንድ፣ በደረትና በእግር ላይ የሚነቀሱ ወጣቶችም አሉ። ንቅሳት የጤና ተቋማት የሚሰጡት የሕክምና አገልግሎት አይደለም። ይሁን እንጂ ቆዳን የሚበሳና ደም የሚያስነካ ድርጊት በመሆኑ ጤናን በቀጥታ ይመለከታል።

ይህ መረጃ በሐይቅ ከተማና በአካባቢዋ እንዲሁም በአምባሰል ወረዳ ለሚኖሩ፣ ለመነቀስ ለሚያስቡ ወይም ቀደም ሲል ተነቅሰው የጤና ምክር ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው "የትኛው ቦታ ብዙም አያምም?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሕመም ማነስ የአደጋ ማነስን አያመለክትም። ሁለቱ ተለይተው መታየት ያለባቸው በምን ምክንያት እንደሆነ ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ሕመሙ ከቦታ ቦታ የሚለያይበት ምክንያት

የንቅሳት መርፌ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቆ ወደ ሁለተኛው የቆዳ ሽፋን ይገባል። በዚህ ሽፋን ውስጥ የስሜት ነርቮች ጫፎችና ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገኛሉ። የሕመሙን መጠን በዋናነት የሚወስኑት የሚከተሉት ናቸው።

1. የነርቭ ጫፎች ብዛት፦ ከንፈር፣ ድድ፣ የጣት ጫፍ፣ የእጅ መዳፍና የውስጥ እግር ነርቭ የበዛባቸው ቦታዎች ናቸው።
2. የቆዳው ውፍረት፦ የብብት፣ የክርን መታጠፊያና የቋንጃ ቆዳ ስስ በመሆኑ ሕመሙ ይበረታል።
3. ከቆዳው ሥር ያለው አካል፦ ጡንቻና ስብ የመርፌውን ግፊት ያለዝባሉ። ቆዳው በአጥንት ላይ በቀጥታ ባረፈበት ቦታ ግን ንዝረቱ ጭምር ያማል።
4. የንቅሳቱ ስፋትና የሚወስደው ጊዜ፦ በተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚደጋገም ውጋት ቆዳውን ስለሚያስቆጣው ሕመሙ እየጨመረ ይሄዳል።

የአካል ክፍሎች ከሕመም አንጻር

የሕመም ስሜት ከሰው ሰው ይለያያል። ሆኖም የአካል ክፍሎችን በጥቅሉ በሦስት መመደብ ይቻላል።

አነስተኛ ሕመም፦ የላይኛው ክንድ ውጫዊ ክፍል፣ ከክርን በታች ያለው የክንድ ውጫዊ ክፍል፣ የጭን ፊትና ውጫዊ ጎን እንዲሁም ባት። በእነዚህ ቦታዎች ቆዳው ወፈር ያለና ከሥሩ ጡንቻ ያለው ነው።

መካከለኛ ሕመም፦ የላይኛው ጀርባ፣ የክንድ ውስጣዊ ክፍልና የእጅ አንጓ አካባቢ።

ከፍተኛ ሕመም፦ ድድ፣ ከንፈር፣ ግንባር፣ አገጭ፣ አንገት፣ ብብት፣ ጎድን፣ አከርካሪ፣ የክርን መታጠፊያ፣ ቋንጃ፣ የእግር ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእግር ጀርባና የእጅ ጣቶች።

ከዚህ ምደባ እንደሚታየው በባህላዊ ንቅሳት የተለመዱት ቦታዎች በአብዛኛው ከፍተኛ ሕመም ካለባቸው መካከል ናቸው። ባህላዊው አሠራር እሾህን ወይም በአንድነት የታሰሩ መርፌዎችንና ከጥላሸት የተዘጋጀ ቀለምን ስለሚጠቀም፣ ውጋቱ አንድ ዓይነት ጥልቀት አይኖረውም፤ የቀለሙንም ንጽሕና ማረጋገጥ አይቻልም።

የድድና የአንገት ንቅሳት

የድድ ንቅሳት ጥርስን ነጭ አድርጎ ያሳያል፣ የሚደማ ድድንም ያድናል በሚል እምነት ይሠራል። የድድ መድማት በአብዛኛው በጥርስ ሥር ከሚጠራቀም ቆሻሻ የሚመጣ ሕመም ምልክት ስለሆነ ንቅሳት አያድነውም። እንዲያውም የተነቀሰ ድድ ጥቁር ስለሚሆን የጥርስ ሐኪሙ የድድን መቅላት በቀላሉ እንዳይለይ ያደርጋል። አፍ በተፈጥሮው ብዙ ተህዋስያን የሚኖሩበት በመሆኑም በድድ ላይ የተፈጠረ ቁስል ሊመረቅዝ ይችላል።

በአንገትና በፊት ላይ የተሠራ ንቅሳት ለመደበቅ የማይመችና ለማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። በልጅነታቸው ተነቅሰው ካደጉ በኋላ ማጥፋት የሚፈልጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ንቅሳትን ለማጥፋት የሚውለው የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፣ ያማል፤ በጠይም ቆዳ ላይም የቆዳውን የተፈጥሮ ቀለም ሊያነጣ ወይም ሊያጠቁር ይችላል። በአሲድ፣ በእሳት ወይም በመፋቅ ለማጥፋት መሞከር ከንቅሳቱ የከፋ ጠባሳ ስለሚተው ፈጽሞ አይመከርም።

ሕመም ማነሱ አደጋ ማነሱን የማያመለክትባቸው ሁኔታዎች

*የሚያድግ ጠባሳ።* የላይኛው ክንድና ትከሻ ሕመሙ አነስተኛ ቢሆንም ከደረት፣ ከላይኛው ጀርባና ከአገጭ ጋር ኬሎይድ የሚባለው እያበጠና እየሰፋ የሚሄድ ጠባሳ የሚበዛበት ቦታ ነው። ኬሎይድ ጠቆር ባለ ቆዳና በቤተሰብ ውስጥ ችግሩ ባለበት ሰው ላይ በብዛት ይታያል። ሰው ራሱን የሚመረምርበት ቀላል መንገድ አለ፦ በሕፃንነት በክንድ ላይ የተሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ፣ የጆሮ መበሳት ወይም የድሮ ቁስል ቦታ ከመጠኑ በላይ አብጦ ከሆነ ንቅሳት በየትኛውም የአካል ክፍል ላይ ባይሠራ ይመረጣል።

*ፈጽሞ የማያም ቦታ።* መርፌ ሲነካው የማይሰማው የቆዳ ክፍል ለመነቀስ ምቹ ቦታ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከአካባቢው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሙቀትና ውጋት የማይለይ ምልክት የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሥጋ ደዌ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድና በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ በጊዜ ካልታከመ ግን ነርቭን ይጎዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግር መደንዘዝም እንዲሁ የነርቭ ጉዳት ማሳያ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ቦታው መነቀስ የለበትም፤ ሰውየውም ሳይዘገይ መመርመር ይኖርበታል።

*በደም የሚተላለፉ በሽታዎች።* እነዚህ በሽታዎች የሚተላለፉት በመርፌውና በቀለሙ ስለሆነ የሚነቀሰው ቦታ መለወጥ አደጋውን አይለውጠውም። በጤና ባለሙያዎች ላይ በሚደርስ የመርፌ መወጋት እንደታየው፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም ጋር ከሚያጋጥም 1,000 ውጋት ኤች አይ ቪ በ3 ያህሉ፣ ሄፓታይተስ ሲ እስከ 18 በሚደርሰው፣ ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት ባልወሰደ ሰው ላይ ከ60 እስከ 300 በሚሆነው ሊተላለፍ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ በሳምንቱ መጀመሪያ ለአንድ ሰው የዋለ መርፌ በሳምንቱ መጨረሻ ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል።

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የተካተተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ሰዎች በሕፃንነታቸው ክትባቱን እንዳላገኙ ሊገመት ይገባል። ለአዋቂዎች ክትባቱ በ6 ወር ውስጥ በ3 ጊዜ ይሰጣል።

መርፌን መቀቀልና ማቃጠል በቂ አይደለም

በአካባቢው መርፌን በፈላ ውኃ መቀቀል ወይም በክብሪት እሳት ማስነካት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። የሐይቅ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የመንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ጀርም ደግሞ መቀቀልን የሚቋቋም ሽፋን አለው። በመርፌው ውስጥና በማሰሪያው ክር ላይ የቀረ ደምም በእሳት ልብልብ አይጠፋም። አስተማማኙ መንገድ ታሽጎ የመጣና ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል አዲስ መርፌ መጠቀም ነው።

ከመነቀስ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው

ተነቃሹ የሚከተሉትን በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጥ ይገባል።

• መርፌው ከታሸገበት በፊቱ ተከፍቶ የሚወጣ መሆኑን፤
• ቀለሙ ለአንድ ሰው ብቻ በሚበቃ መጠን በንጹሕ ዕቃ የሚቀዳና የተረፈው የሚደፋ መሆኑን፤
• ነቃሹ እጁን በሳሙና የሚታጠብና አዲስ ጓንት የሚያጠልቅ መሆኑን፤
• ያገለገለው መርፌ በማይበሳ ዕቃ የሚወገድ መሆኑን።

ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ አለመነቀስ ይመረጣል። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው በተራ የሚነቀስበት ሁኔታ፣ በዘመድ ወይም በጓደኛ መካከል ቢሆንም፣ መወገድ አለበት።

ሕመምን ለመቀነስ

በቂ እንቅልፍ ወስዶና ምግብ በልቶ መቅረብ፣ ውኃ መጠጣት፣ ትንሽ ንድፍ መምረጥና በየመሐሉ ማረፍ ሕመሙን ለመቋቋም ይረዳሉ። አረቄ ወይም ሌላ የአልኮል መጠጥ ጠጥቶ መነቀስ መድማትን ይጨምራል፣ የማመዛዘን ችሎታንም ይቀንሳል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌንም መድማትን ስለሚያባብሱ አስቀድሞ መውሰድ አይመከርም፤ ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይመረጣል። የማደንዘዣ ቅባትን በሰፊ ቦታ ላይ ቀብቶ መሸፈን መድኃኒቱ ወደ ደም እንዲገባ አድርጎ የልብ ምት መዛባትና መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መጠቀም አይገባም።

መነቀስ የማይመከርላቸው ሰዎች

ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች፣ የስኳር ሕመማቸው ያልተስተካከለ፣ ደም የማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የደም አለመርጋት ችግር ያለባቸው፣ የሰውነት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ፣ እንዲሁም በሚነቀሰው ቦታ ላይ ቁስል፣ ሽፍታ ወይም ማርያም የሳመችው የሚባለው ዓይነት ምልክት ያለባቸው ሰዎች መነቀስ አይመከርላቸውም።

ሕፃናትና ታዳጊዎች ዘላቂ ለሆነ ምልክት በራሳቸው ሊወስኑ ስለማይችሉ መነቀስ የለባቸውም። ማንኛውም ሰው ከአካል ጉዳት የመጠበቅ መብት እንዳለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 16 ይደነግጋል። በሴቶች ላይ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት የሚያስከትሉ ልማዶችም በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከልክለዋል። ስለዚህ ልጃገረድን ለጋብቻ ወይም ለውበት ሲባል ያለ ፈቃዷ ማስነቀስ ተቀባይነት የለውም።

ከተነቀሱ በኋላ

ቦታውን በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃና በሳሙና በቀስታ ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል ማድረግ ቁስሉን ሊያመረቅዘው ይችላል። ቅርፊቱ እስኪረግፍ ድረስ፣ ይኸውም ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ በሐይቁም ሆነ በወንዝ ውኃ ውስጥ መዋኘት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚያመለክተው የተነቀሰ ሰው ደም ከመለገሱ በፊት 12 ወር መቆየት ይኖርበታል።

ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና እብጠት፣ መግል፣ ትኩሳት፣ የመንጋጋ መድረቅ ወይም የመዋጥ ችግር፣ የዓይን ቢጫ መሆን። ከድድ ወይም ከአንገት ንቅሳት በኋላ መተንፈስ የሚያስቸግር እብጠት ከተፈጠረ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው።

አገልግሎቱ የት ይገኛል

• *በቅርብ ያለ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ፦* የቁስል እንክብካቤ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባትና የኤች አይ ቪ ምርመራን በሚመለከት በሐይቅ፣ በውጫሌና በየቀበሌው ያሉ ነዋሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁበት ቦታ ነው።

• *ሌላ ሰው በተነቀሰበት መርፌ የተነቀሰ ሰው፦* ለኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ መድኃኒቱ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ምርመራው ወዲያውኑ ተደርጎ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል።

• *ቀደም ባሉት ዓመታት በጋራ መርፌ የተነቀሱ ሰዎች፦* ሄፓታይተስ ቢና ሲ ለብዙ ዓመታት ያለ ምልክት ስለሚቆዩ፣ ጤነኛ መስሎ መታየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ምርመራውን በሆስፒታል መጠየቅ ይቻላል።

• *ኬሎይድ፣ የማይድን ቁስል ወይም ስሜት የሌለው የቆዳ ምልክት ያለበት ሰው፦* ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ በደሴ አቅራቢያ ወደሚገኘውና በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊሄድ ይችላል።

ማንኛውም ተገልጋይ ንቅሳቱ የት፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደተሠራ ለጤና ባለሙያው በግልጽ እንዲናገር ይበረታታል። መረጃው በምስጢር የሚያዝ ሲሆን ለትክክለኛ ምርመራና ሕክምና ያስፈልጋል።