ከአሸተን ማርያም ደጅ

አሸተን ማርያም ደጅ የቆመ ሰው በአንድ እይታ የሚጠግብ ዓይን የለውም። ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ዳገቱን በእግሩ ወይም በበቅሎ የወጣ፣ በመጨረሻም በዓለቱ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሾልኮ ከደጀ ሰላሙ የደረሰ መንገደኛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይቆማል። ከበስተኋላው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ከበታቹ ከተማዋ፣ ከፊቱ ደግሞ ወደ ተከዜ የሚወርዱት የላስታ ሸለቆዎችና አምባዎች አሉ። ትውፊት እንደሚነግረን ቤተ ክርስቲያኒቱን መፈልፈል የጀመረው ቅዱስ ላሊበላ ሲሆን ያስፈጸመው ነአኩቶ ለአብ ነው።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። በአንድ የጥቅምት ወር ወደ አሸተን የወጣሁት ግን ግጥም ፍለጋ አልነበረም፤ ያንን ስፋት በፎቶግራፍ ይዤ ለመውረድ ነበር። ካሜራዬን በእጄ ይዤ፣ በቆምሁበት እየዞርሁ፣ ተከታታይ ፎቶዎችን አነሣሁ። ቤቴ ተመልሼ በኮምፒዩተር ስሰፋቸው ያገኘሁት ምስል አሳፈረኝ። ሰማዩ እንደ ጥለት ነጭና ሰማያዊ ተሸንሽኗል፤ የቅርቡ ድንጋይ ከሁለት ተሰንጥቋል። ከሁሉ የከፋው ግን እረኛው ነበር፤ ፍየሎቹን እየነዳ እኔ በምዞርበት አቅጣጫ ስለ ተጓዘ በአንዱ ምስል ውስጥ ሁለት ቦታ ቆሟል። በእኛ ሙያ አንድን የብር ኖት ሁለት ጊዜ የቆጠረ ሰው ማታ ሒሳቡ አይዘጋለትም። ስለዚህ ራሴን ጠየቅሁ፦ ይህ ምስል እውነት ነው ወይስ ሐሰት?

ጥያቄው ከካሜራ በፊትም ነበረ። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጻፈ። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ። አልቫሬዝ ስለ ሕንፃዎቹ ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም የሚል ሥጋት ያዘው፤ ስለዚህም የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። ምስል ያልነበረው ምስክር ያለው ዋስትና መሐላው ብቻ ነበር።

ዙሪያ ገባውን በአንድ ምስል የማሳየትን ጥበብ በ1787 በሕግ ያስመዘገበው ሠዓሊው ሮበርት ባርከር ነው። ተመልካቹን በክብ ሸራ መካከል አቁሞ ከተማን በሙሉ ያሳየው ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነገሩ ከግሪክኛ በተወሰደ ቃል «ፓኖራማ» ተባለ፤ ሁሉን ማየት እንደ ማለት ነው። ፎቶግራፍ ሲመጣ ደግሞ ሸራው በተቀጣጠሉ ወረቀቶች ተተካ። በ1855 እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን በክራይሚያ ጦርነት ላይ ሳለ የሴባስቶፖልን አምባ በ11 ፎቶዎች ከፋፍሎ አነሣው።

በዚያው ዓመት በአገራችን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘውድ ጫኑ። በኋላ በጋፋት ያሠሩትን ታላቅ መድፍ የሰየሙትም በዚያችው ከተማ ስም፣ «ሴባስቶፖል» ብለው ነው። መድፉ ከላስታ በስተደቡብ ወደምትገኘው መቅደላ ተጎተተ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቶ ሰፈሩን፣ መተላለፊያውንና መቅደላን አነሣ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ ከዘመቻው በኋላ በላሊበላ በኩል አለፈ። የአገራችን ተራሮች እንግዲህ በመስተዋት ላይ የታተሙት ከጦር ጋርም ነበር።

ዛሬ ስፌቱን የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው። ጀርመናዊው መምህር ሄልሙት ዴርሽ በ1998 «ፓኖራማ ቱልስ» የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ አቀረበ። ዴቪድ ሎው በ1999 በሁለት ፎቶዎች ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ነጥቦችን ኮምፒዩተር ራሱ እንዲለይ የሚያደርግ ዘዴ አስተዋወቀ። በ2003 ከማቲው ብራውን ጋር በካናዳ የሠሩት «ኦቶስቲች» በዚህ ዘዴ ተጠቅሞ ፎቶዎችን ያለ ሰው እጅ ሰፋ። ሸማኔ ሁለት ሸማ ሲያጋጥም ጥለቱን ከጥለቱ እንደሚያስተያይ፣ ፕሮግራሙም ድንጋዩን ከድንጋዩ፣ ዛፉን ከዛፉ እያስተያየ ያጋጥማል። የሚያስተያየው ነገር እንዲያገኝ ግን አንሺው ጠርዝ ማትረፍ አለበት።

በዓመቱ ተመልሼ ስወጣ ይህን ተምሬ ነበር። የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለውን ካሜራ በቁሙ አቆምሁት። እንዲህ ሲቆም ወደ ጎን 38 ዲግሪ ያህል ያያል። በየፎቶው 24 ዲግሪ ብቻ ባዞረው ከሢሶ የሚበልጠው ይደራረባል፤ በ7 ፎቶ ግማሹ ዙሪያ ይሞላል። የብርሃኑን መጠንና ትኩረቱን በእጄ ወስኜ ቆለፍሁ፤ ለካሜራው ከተተወለት ፀሐይ ባለበት በኩል ያጨልማል፣ በሌላው በኩል ያነጣል፤ የመጀመሪያው ሰማዬ የተሸነሸነው በዚሁ ነበር። ስለ ተሰነጠቀው ድንጋይ ደግሞ፣ አንባቢዬ፣ አውራ ጣትዎን ከፊትዎ አቁመው ዓይንዎን እያፈራረቁ ይጨፍኑ። ጣትዎ ይዘላል፣ የሩቁ ግድግዳ ግን አይናወጥም። የቅርብ ነገር የሚዘለው የማያው ነጥብ ቦታ ሲቀይር ነው። ስለዚህ ካሜራው መዞር ያለበት በሰውነታችን ዙሪያ ሳይሆን ብርሃኑ ወደ ሌንሱ በሚገባበት ነጥብ ላይ ነው።

ሥራዬን ስጨርስ በደጁ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ካህን ቀረብ ብለው በካሜራው መስኮት ተመለከቱ።

«ልጄ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትስ የት አሉ?» አሉኝ።

«አባ፣ ከዚህ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸውና» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ሁሉን አላነሣህም» ብለው ፈገግ አሉ።

ልክ ነበሩ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአድማስ በላይ ብቅ ሊሉ አልተሠሩም። «ሁሉን ማየት» የተባለው ምስል የላስታን ትልቁን ነገር አላየም።

ያ እረኛስ? ከመጀመሪያው ምስል አንዱን እርሱን አጥፍቼ ሌላውን ማስቀረት እችል ነበር፤ ስፌቱንም ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን በባንክ ቤት የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በላዩ መስመር ተሰምሮ ይፈረምበታል። ስለዚህ አልነካሁትም። አሳትሜው ከጀርባው ቦታውን፣ ወሩን፣ የፎቶዎቹን ቁጥር፣ ሁለቱም እረኞች አንድ ሰው መሆናቸውን ጽፌ ፈረምሁ። ሁለተኛው ምስል ከጎኑ ተሰቅሏል፤ እርሱም ከጀርባው የካህኑ ቃል አለበት። አልቫሬዝ ምስል ስላልነበረው ማለ፤ እኔ ምስል እያለኝ መፈረም ግድ ሆነብኝ።