ዘረ ጭንጋፍ፦ «ዘር የለሽ» የምንለው ወይን ምን ዓይነት ነው?

ከገበያ የመጣ ዘር የለሽ ወይን ለሁለት ከፍለው ቢያዩ፣ መሐሉ ላይ ከሰሊጥ ያነሰች፣ ነጣ ያለችና ለስላሳ ነገር ያገኛሉ። ዘር ልትሆን ጀምራ የቀረች ናት። አበባው ዱቄት ተቀብሎ ይፀንሳል፤ ፅንሱ ከሳምንታት በኋላ ይጨነግፋል፤ ሥጋው ግን ማደጉን አያቆምም። የሥነ ዕፅዋት ሰዎች ስቴኖስፐርሞካርፒ ይሉታል። በአማርኛ «ዘረ ጭንጋፍነት» ቢባል ገበሬውም ከብት አርቢውም ሳይነገረው ይገባዋል። ጭራሽ ሳይፀንስ የሚያፈራው ጥቁር ኮሪንት ሌላ ነው፤ ፍሬውም ከአተር ብዙ አይበልጥም።

ለጓሮ ወይን የሚመርጥ ሰው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። ፍሬን የሚያፋፋው ጅበሪሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከዘሩ ስለሆነ፣ ዘሩ ሲጨነግፍ ፍሬው ያንሳል። ትልልቅ እርሻዎች ሆርሞኑን ይረጩታል፤ የጓሮው ወይን ከሱቁ ቢያንስ አይደነቁ።

ስመ ጥሩው ቶምሰን ሲድለስ ነው፤ አብዛኛው የካሊፎርኒያ ዘቢብ የሱ ነው። ረጅም፣ ሞቃትና ደረቅ በጋ ይፈልጋል። ሲገረዝም የአምናው ቅርንጫፍ ረዘም ተደርጎ፣ ከ8 እስከ 15 አንጓ ይተውለታል፤ ከሥሩ ያሉት አንጓዎች እምብዛም አያፈሩምና። ሁለት አንጓ ብቻ አስቀርቶ የቆረጠው ሰው ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ሲያይ ይከርማል። ፍሌም ሲድለስ የተባለው ቀዩ ግን አጭር ግረዛ ይችላል።

ብርድ ላለበት አገር ሂምሮድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ካለው የጄኔቫ የግብርና ምርምር ጣቢያ የወጣ ሲሆን፣ አባቱ ቶምሰን፣ እናቱ ባለዘሩ ኦንታሪዮ ናት። የሚጨነግፍ ወይን እናት መሆን ስለማይችል፣ አዳቃዮች ለዘመናት እናቲቱን ከባለዘሮቹ ሲመርጡ ኖረዋል፤ ፅንሱን በቤተ ሙከራ ማትረፍ የተቻለው ኋላ ነው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላሉ ወገኖች ግን እኔ ማርስ የተባለውን ወይን እመርጣለሁ። እርጥበታማው በጋ የሚያመጣውን፣ ፍሬ አጥቁሮ የሚያደርቀውን የፈንገስ በሽታ በመቋቋም ከብዙዎቹ ይሻላል። ቆዳው ወፍራም ነው፤ ጭንጋፉም አንዳንዴ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ሪላያንስ ጣፋጭ ነው፣ ብርድም ይችላል፤ ሊበስል ሲል ዝናብ ከመታው ግን ይሰነጠቃል።

አበባው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ ተክል ይበቃል። ማባዛት ከፈለጉ በክረምት የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠው ይትከሉ።