የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥያቄዎች፦ የንግድ ድጋፍና የሸማቾች ጥበቃ በኢትዮጵያ

የምክር ቤት ጥያቄ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ሚኒስትሮችንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ስለ ሥራቸው መልስ የሚያሰጡበት የቁጥጥር መንገድ ነው። ደጋግመው ከሚነሡት ጉዳዮች መካከል ለአምራቹና ለነጋዴው የሚሰጠው ድጋፍ እንዲሁም ሸማቹን ከዋጋ ንረት፣ ከምርት ጉድለትና ባዕድ ነገር ከተቀላቀለበት ምግብ የመጠበቅ ሥራ ይገኙበታል። ሁለቱ በሕግ ለየብቻ የተደነገጉ ይሁኑ እንጂ በተግባር አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። የውጭ ምንዛሪ ያጣ አስመጪ የዕቃ እጥረት ይፈጥራል፣ ዋጋ የተቆረጠበት ነጋዴም ዕቃውን ከመደርደሪያ ያወርዳል።

የሕግ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። በተከታዩ ንዑስ አንቀጽ ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውን ርምጃም ይወስዳል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ተጠሪ ያደርጋቸዋል። በአንቀጽ 74 መሠረትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ መንግሥት ስላከናወናቸው ሥራዎችና ስለ ዕቅዶቹ በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባል።

ጠያቂው አባል የራሱ ጥበቃ አለው። በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው።

ታሪካዊ ዳራ

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የመጀመሪያው ፓርላማ አባላት በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ሲፈቅድ ሚኒስትርን ስለ መጥራትም ደነገገ። ይሁን እንጂ ጥሪው በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ መደገፍ ነበረበት፤ ሚኒስትሩም የመመለስ ግዴታ ያለበት ሊወጣ ስለታሰበ ሕግ ብቻ ነበር። የአንድ ሚኒስቴር የዕለት ተዕለት አሠራር ከግዴታው ውጭ ቀረ። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ከዚያኛው በዋናነት የሚለየው የአስፈጻሚውን አሠራር ራሱን የጥያቄ ርዕስ በማድረጉ ነው።

የጠያቂዎቹ ስብጥር ከምርጫ ምርጫ ተለዋውጧል። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫዎች ሲያሸንፉ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ሁሉም መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ገዢው ብልጽግና ፓርቲ ከፍተኛውን ድርሻ ይዞ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄና የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) ተመራጮች በጥቂት ወንበሮች ገብተዋል።

የጥያቄው ሂደት

የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። አባላት በዕረፍቱ ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው ከመራጮቻቸው ጋር ይወያያሉ። የስኳርና የዘይት ዋጋ፣ የማዳበሪያ አቅርቦት፣ የመሥሪያ ቦታ እጦትና የብድር መጓተት ከየስብሰባው ተሰብስበው ምክር ቤቱ ወደሚገኝበት አራት ኪሎ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር አፈጻጸማቸውን ሲያቀርቡ ጥያቄዎች ይደረደራሉ። ለንግድ ዘርፉ ዋናው መድረክ የንግድና ቱሪዝም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ሪፖርቱን ከዕቅዱ ጋር ያነጻጽራል፣ የመስክ ምልከታ ያደርጋል፣ የኃላፊዎችን ምላሽ ካዳመጠ በኋላ ግብረ መልስ ይሰጣል። አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ የመራጩን ሕዝብ ቅሬታ ካስቀደሙ በኋላ «ማብራሪያ ቢሰጥበት» ብለው ይዘጋሉ። ሚኒስትሮች በበኩላቸው ሰው ሠራሽ እጥረትን፣ የደላላ ሰንሰለትንና ኮንትሮባንድን በምክንያትነት ማንሣት ለምደዋል። በመሆኑም ጠንካራ የሚባለው ጥያቄ ከምክንያቱ አልፎ ስንት ነጋዴ ተፈተሸ፣ ምን ያህል ምርት ወደ ገበያ ገባ ወደሚለው የሚዘልቀው ነው።

የንግድ ድጋፍ

በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ መሠረት ጥቃቅን የሚባለው ባለቤቱንና ቤተሰቡን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራ ነው፤ የካፒታል ጣሪያው በኢንዱስትሪ 100,000 ብር፣ በአገልግሎት 50,000 ብር ነበር። አነስተኛ የሚባለው ደግሞ ከ6 እስከ 30 ሰው ያሠራል፤ ጣሪያውም በኢንዱስትሪ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት 500,000 ብር ነበር። ሼድ፣ ሥልጠና፣ ብድርና የገበያ ትስስር በእነዚህ መለኪያዎች ሲከፋፈሉ ቆይተዋል።

ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱ ራሱ ያጸደቃቸው ሕጎች ለአባላቱ አዲስ የጥያቄ መነሻ ሆነዋል። በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የተመደበለት 10 ቢሊዮን ብር ነው። ተዘዋዋሪ እንደመሆኑ የመጀመሪያው ተበዳሪ ካልመለሰ ለቀጣዩ ስለማይደርስ የተመለሰው ገንዘብ መጠን ከተበደረው እኩል ይጠየቃል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤት የሌለው ሰው ማሽኑን፣ ከብቱን ወይም ያከማቸውን ምርት አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። በልማት ባንክ በኩልም አምራቾች ማሽነሪ በሊዝ ያገኛሉ።

የጠያቂውን ሥራ የሚያከብደው ድጋፉ በአንድ እጅ አለመሆኑ ነው። የሥራ ዕድል ፈጠራ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ አምራቹ በኢንዱስትሪ ሚኒስቴር፣ ፈቃዱና ገበያው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የብድር ደንቡ በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። ስለዚህ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር ለምን እንደተዘጋ የጠየቀ ተወካይ መልሱን ከየመሥሪያ ቤቱ ቆራርሶ ማሰባሰብ ይኖርበታል።

የሸማቾች ጥበቃ

የሸማቾች ጥበቃ ሰፊ ሕግ ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 685/2002 ነው። ብዙ ሳይቆይ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦ፣ በሩዝና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ተመን አወጣ። አንዳንዶቹ ሸቀጦች ከሱቅ እየጠፉ ሲሄዱ ተመኑ ከወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ይህ አጋጣሚ ተመን ያለ አቅርቦት ሸማቹን እንደማይታደግ ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።

የ2002ቱን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹን መብት በዝርዝር አስቀምጧል። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትና የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት አለው። ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ነጋዴው በበኩሉ ዋጋ ዝርዝሩን ለዕይታ በሚመች ቦታ መለጠፍ አለበት፣ ሸቀጥ መደበቅም የተከለከለ ነው።

አዋጁን ያስፈጽም የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የራሱ የዳኝነት ችሎት ነበረው። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን ያዋቀረው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሲወጣ ግን ተግባሩ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ንግድን የማስፋፋትና ነጋዴውን የመቆጣጠር ኃላፊነት በአንድ ጣሪያ ሥር በመዋሉ፣ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም ከውጭ ሆኖ የመጠየቅ ኃላፊነት ይበልጥ በምክር ቤቱ ላይ ወድቋል።

የነዳጅ ድጎማና የምንዛሪ ለውጥ

ሁለቱ ጉዳዮች ተጠላልፈው ከሚታዩባቸው ምሳሌዎች አንዱ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የተተገበረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ ነው። አጠቃላዩ ድጎማ ቀስ በቀስ ሲነሣ የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር እየከፈሉ በቅናሽ እንዲቀዱ ተደረገ። ድጎማው የሚሰጠው ለታክሲና ለአውቶቡስ ባለንብረት ነበር፤ ዓላማው ግን ተሳፋሪውን ከታሪፍ ጭማሪ መከላከል ነበር። ባለታክሲው ድጎማውን ተቀብሎ ከታሪፍ በላይ ካስከፈለ፣ ወይም በቅናሽ የቀዳውን ነዳጅ ለሌላ ከሸጠ፣ የንግድ ድጋፉ ለሸማቹ ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ሁለቱ ጉዳዮች እንደገና ተጠላለፉ። ምክንያት የለሽ ጭማሪ አድርገዋል የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። ምክር ቤቱ በኅዳር 2017 ያጸደቀው ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀትም የነዳጅ፣ የማዳበሪያ፣ የምግብ ዘይትና የመድኃኒት ድጎማን ያካተተ ነበር። በጀት የማጽደቅ ሥልጣን የራሱ በመሆኑ ጠያቂው ምክር ቤት በዚህ ረገድ የውሳኔውም ተካፋይ ነው።

ገደቦች

የመጀመሪያው ገደብ የፌዴራል አወቃቀሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ በክልሎች መካከል የሚደረገውንና የውጭ ንግዱን ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ የየከተማውን ሱቅ የሚፈትሹት የክልልና የከተማ ንግድ ቢሮዎች፣ ከሥራቸውም የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ስለ አንድ ከተማ የሽንኩርት ዋጋ የተጠየቀ የፌዴራል ሚኒስትር ጉዳዩን ወደ ክልሉ ሊመራው ይችላል፤ የክልሉ ቢሮ ደግሞ የሚጠየቀው በክልሉ ምክር ቤት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በራሱ አስገዳጅ ውሳኔ አለመሆኑ ነው። አጥጋቢ ያልሆነ ምላሽ ወደ ርምጃ እንዲሸጋገር የአንድ ሦስተኛ አባላት ጥያቄና የምክር ቤቱ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ገዢው ፓርቲ ሰፊ የበላይነት በያዘበት ምክር ቤት ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም። በዚህም የተነሣ ከኦዲተር ጄኔራል ሪፖርት ጋር የተያያዙ ጥያቄዎች የተሻለ ጉልበት አላቸው። ሰነድ፣ የገንዘብ መጠንና ተጠያቂው መሥሪያ ቤት ተለይተው ስለሚቀርቡ ጉዳዩ በአጠቃላይ ማብራሪያ ብቻ አይታለፍም፤ ግኝቱ መታረም አለመታረሙም በሚቀጥለው ዓመት ኦዲት ተመልሶ ይታያል።