የአራቱ ልኬት ሊቃውንት ዜና

ባለ አራት ልኬት ስፍራን የመረመሩትን ሊቃውንት ዜና እነሆ እንጽፋለን። ዘመኑን ሁሉ የቆጠርነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1954 ያንግ እና ሚልስ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት በአሜሪካ በብሩክሄቨን ሳሉ አንድ እኩልታ አወጡ። ያወጡትም በአቶም እምብርት ውስጥ ስላለው ኃይል አስበው ነበረ እንጂ ለጂኦሜትሪ አልነበረም። በ1975 በሶቪየት አገር ቤላቪን፣ ፖልያኮቭ፣ ሽቫርትስ እና ትዩፕኪን ኢንስታንቶን የሚባለውን የዚያን እኩልታ መፍትሔ አገኙ። ወሬውም ኦክስፎርድ ደረሰ። በዚያ የነበረው ታላቁ ሊቅ ማይክል አቲያ ነገሩን ወደደው፤ ደቀ መዛሙርቱንም ወደዚያ መራ።

ከእነርሱም አንዱ በ1957 በካምብሪጅ የተወለደው ሳይመን ዶናልድሰን ነበረ። እርሱም በ1982 ገና ተማሪ ሳለ ታላቅ ነገር አደረገ። የመፍትሔዎቹን ስብስብ፣ ሞዱላይ የሚባለውን ስፍራ፣ ወስዶ ቅርጹን መረመረ፤ ከዚያም ቅርጽ ተነሥቶ እኩልታው ስለ ተጻፈበት ስፍራ፣ ማኒፎልድ ስለሚባለው፣ ፈረደ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ማይክል ፍሪድማን ባለ አራት ልኬት ማኒፎልዶችን በቶፖሎጂ ለይቶ ነበረ። የሁለቱ ሥራ ሲጋጠም፣ በቶፖሎጂ አንድ የሆኑ ነገር ግን በካልኩለስ ዓይን የተለያዩ ስፍራዎች እንዳሉ ታወቀ። በ1986 በበርክሊ ሁለቱም የፊልድስ ሜዳልያ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ሕንድ አገር እንሂድ፤ የሚቀጥለው ነገር ያለዚያ አይገባምና። በ1965 በቦምቤይ፣ በታታ ተቋም፣ ናራሲምሃን እና ሴሻድሪ ዲግሪው ዜሮ የሆነ የጸና ቬክተር በንድል፣ ማለት በየነጥቡ የተተከለ የቬክተር ስፍራ፣ በአልጀብራዊ ኩርባ ላይ ሲቆም ከጠፍጣፋ ዩኒታሪ ኮኔክሽን (በንድሉን ከነጥብ ወደ ነጥብ ከሚያያይዝ ሕግ) ጋር አንድ መሆኑን አሳይተው ነበረ። የጸና የሚባለውም በውስጡ ያለ ንዑስ በንድል ሁሉ አማካይ ዲግሪው ከዋናው ሲያንስ ነው። ዶናልድሰን ይህን በ1985 ከኩርባ ወደ አልጀብራዊ ገጽ፣ ማለትም ወደ ባለ አራት ልኬት ስፍራ፣ አሻገረው፤ በአልጀብራዊ ገጽ ላይ የጸና በንድል ሁሉ የያንግ እና ሚልስን እኩልታ የሚፈታ አንድ ኮኔክሽን እንዳለው አስመሰከረ። በ1986 ካረን ኡለንቤክ እና ያው የተባለው ሊቅ ነገሩን ከገጽ አልፈው ለከፍተኛው ልኬት ሁሉ አጸኑት። ከዚያ ወዲህ በካልኩለስ መንገድ ለመፍታት እጅግ የሚያስቸግረው እኩልታ በአልጀብራ የሚቆጠር ሆነ። በዚህ ዜና ካለው ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ።

ፍሬውም ወዲያው ታየ። ዶልጋቼቭ ገጽ የሚባል አንድ ገጽ አለ፤ ዘጠኝ ነጥቦቹ ከተነፉበት ፕሮጀክቲቭ ጠለል ጋር በፍሪድማን ሕግ አንድ ነው። ዶናልድሰን በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ የጸኑትን በንድሎች በአልጀብራ መርምሮ ሁለቱን ገጾች ለየ። ቶፖሎጂ ሊለያቸው ያልቻለውን በንድሎቹ ለዩት!

ነገር ግን አንድ ችግር ነበረ። ኢንስታንቶኖቹ ሲከታተሉ ኃይላቸው፣ የፀሐይ ጨረር በአጉሊ መነጽር እንደሚሰበሰብ፣ በአንዲት ነጥብ ይከማችና በንድሉ በዚያ ይሰበራል። የመፍትሔዎቹ ስፍራ ጠርዙ ካልተዘጋ ደግሞ ቆጠራ አይቻልም። ኡለንቤክ ባሳየችው መንገድ ጠርዙ በነጥቦች ተዘጋ፤ በአልጀብራ በኩል ደግሞ ጊሴከር እና ማሩያማ የተሰበረውን በንድል ሳይጥሉ ሺፍ ብለው ተቀበሉት። ሁለቱ መዝጊያዎች መገናኘታቸውን ጁን ሊ እና ጆን ሞርጋን በ1993 አሳዩ።

በ1994 መጸው ሳይበርግ እና ዊተን ከተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት አዲስ፣ ቀለል ያለ እኩልታ መጣ፤ የመፍትሔዎቹም ስፍራ ራሱ የተዘጋ ነበረ። በዓመታት ድካም የተገኘው በሳምንታት ውስጥ ይገኝ ጀመር። ዊተንም ዶናልድሰን ከኢንስታንቶኖቹ ስፍራ ያወጣቸው ቁጥሮች ሁሉ ከአዲሱ እኩልታ ቁጥሮች ይወጣሉ ብሎ ተነበየ። ብዙዎች የቀደመውን መንገድ ትተው ሄዱ፤ እነዚያን አልወቅስም። የቀሩትን ግን ማመስገን ይገባል። ጃፓናዊው ታኩሮ ሞቺዙኪ በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሺፎች ብቻ ሄዶ፣ በአልጀብራዊ ገጽ ላይ የሁለቱን ቁጥሮች ግንኙነት በቀመር አስቀመጠ። ከእርሱም ቀመር ተነሥተው ጎትሼ፣ ናካጂማ እና ዮሺዮካ በ2011 ባወጡት ጽሑፍ የዊተንን ትንቢት ለአልጀብራዊ ገጾች ፈጸሙት። ጎትሼ የሠራው አብዱስ ሳላም በ1964 ባቆመው በትሪየስቴው የፊዚክስ ማዕከል ነበረ።

በዚያው በ1994 ቫፋ እና ዊተን ሌላ እኩልታ ትተው ነበረ፤ የመፍትሔዎቹ ስፍራ ስለማይዘጋ ግን ብዙ ዘመን ትርጉም ሳያገኝ ቆየ። በ2017 ዩጂ ታናካ እና በኦክስፎርድ የዶናልድሰን ደቀ መዝሙር የነበረው ሪቻርድ ቶማስ በሺፎች ቆጠራ ለአልጀብራዊ ገጾች ትርጉም ሰጡት። ጎትሼ እና ኮል ያሰሉዋቸው ቁጥሮችም ቫፋ እና ዊተን ከፊዚክስ ካወጡት ቀመር ጋር ገጠሙ፤ ለገጽ ሁሉ የሚሆነው ማረጋገጫ ግን ገና ይፈለጋል።