የሚንቀጠቀጥ እጅና በአንጎል ውስጥ የሚተከል ሽቦ

እጅ በሕመም ሲንቀጠቀጥ ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የአንጎል መሆኑን ዛሬ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ዕውቀቱ ግን የተገኘው በብዙ ድካም ነው። በ1870 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሪችና ሂትሲግ የተባሉ ጀርመናውያን ሐኪሞች የውሻ አንጎል ገልጠው ግራውን ወገን በደካማ ኤሌክትሪክ ቢነኩት የቀኝ እግሩ፣ ቀኙን ቢነኩት የግራ እግሩ ተንቀሳቀሰ።

በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ የፓርኪንሰን በሽታ መንቀጥቀጥ በመድኃኒት አልገታ ሲል፣ ቀዶ ሐኪሞች የራስ ቅል በስተው ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጥቂቱን ያቃጥሉ ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው በሽተኛው ነቅቶ ይነጋገራል። ከማቃጠላቸውም በፊት ቦታውን እንዳይስቱ በመርፌው በኩል ኤሌክትሪክ ይልካሉ። ይህ መፈተኛ ነበር እንጂ ሕክምና አልነበረም።

በ1987 በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ ፕሮፌሰር አሊም ልዊ ቤናቢድ በዚሁ ፈተና ላይ ሳሉ የኤሌክትሪኩን ምት በሰከንድ ወደ 100 ቢያደርሱት መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ሲያጠፉት ተመለሰ። እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ መመለሱ ነው! የተቃጠለ አንጎል አይመለስም፤ ሁለቱም ወገን ከተቃጠለ ደግሞ ንግግር ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ቤናቢድና ባልደረባቸው ፒየር ፖላክ ሽቦውን በአንጎል ውስጥ ትተው ባትሪውን ከደረት ቆዳ ሥር ቀበሩት። መሣሪያው በሽታውን አያድንም፤ ምልክቱን ይገታል። በትክክል እንዴት እንደሚሠራ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ይህንንም ለተማሪ መናገር አያሳፍርም።

የአሜሪካ መንግሥት መሣሪያውን ለመንቀጥቀጥ በ1997፣ ለፓርኪንሰን በሽታ በ2002 ፈቀደ። ለአእምሮ ሕመም ግን ጉዞው አዝጋሚ ሆነ፤ ምክንያትም ነበረው። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በ1935 የጀመሩት የአንጎል ፊት ክፍል ቀዶ ሕክምና በ1949 የኖቤል ሽልማት ቢያስገኝላቸውም፣ በዚያ መንገድ ከታከሙት ብዙዎቹ ፈዘውና ደንዝዘው ቀርተዋል። በ1963 ደግሞ ሆሴ ዴልጋዶ በስፔን አገር አንጎሉ ውስጥ ሽቦ የተተከለበትን ኮርማ እየሮጠ ሲመጣባቸው በራዲዮ ምልክት አቆሙት። ይህን የሰማ ሰው ነገ ተራው የኔ ነው ብሎ ቢፈራ ምን ይፈረድበታል?

ቀኑን ሙሉ እጁን ሲታጠብ እንደሚውል ሰው፣ ከአንድ ሐሳብ መላቀቅ ላቃታቸው ሕሙማን የአሜሪካ ፈቃድ የተሰጠው በ2009 ነው፤ እሱም ሌላ ሕክምና ላልረዳቸው ብቻ። ለድብርት ገና በጥናት ላይ ነው።