ቅበላ ካርኒቫል ነውን?

«ካርኒቫል» የሚለውን ቃል ሥር የመረመሩ ሊቃውንት አብዛኞቹ ወደ መካከለኛው ዘመን ጣልያን ይወስዱታል፤ «ካርኔሌቫሬ»፣ ሥጋን ማንሣት። «ካርኔ ቫሌ»፣ «ሥጋ ሆይ፣ ደኅና ሁን» የሚለው ፍቺ ለጆሮ ቢጥምም በኋላ የተለጠፈ የሕዝብ ትርጓሜ ነው። እስፓኞች «ካርኔስቶሌንዳስ» ሲሉ የሚወሰደውን ሥጋ ያነሣሉ። ግሪኮች «አፖክሪየስ» ይሉታል፤ ከሥጋ መራቅ። ሩሲያውያን ከቅቤ ስም አውጥተው «ማስሌኒጻ» አሉት። ፈረንሳዮች ነገሩን ሳያድበሰብሱ «ስብ ማክሰኞ» ብለው ጨረሱት፤ ማርዲ ግራ። ሁሉም ስሙን ያወጡት ፊታቸውን ወደሚሄደው ነገር አዙረው ነው። አማርኛ ግን ወደሚመጣው ዞረ። ቅበላ ብሎ ጠራው። የምንቀበለው ጾሙን ነው።

ይህን የስም ልዩነት ማሰብ የጀመርኩት የምኖርበት አካባቢ ስላስገደደኝ ነው። ዱሉዝ ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች፣ የኮሪያ ጽሑፍ ያለባቸው የሱቅ ሰሌዳዎች ፕሌዘንት ሂልን ዳርና ዳር የሞሉባት ከተማ ናት። ከጥር ጀምሮ ሱፐርማርኬቶቿ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ስኳር የተነሰነሰበት «የንጉሥ ኬክ» ይደረድራሉ፤ ከውስጡ ትንሽ የላስቲክ ሕፃን ይወጣል፤ ሕፃኑ የደረሰው ሰው ቀጣዩን ኬክ ይገዛል። ኒው ኦርሊንስ በመኪና ሰባት ሰዓት ያህል ትርቃለች። ከእሷ የምትቀርበው የአላባማዋ ሞቢል ደግሞ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ማርዲ ግራ በ1703 እ.ኤ.አ. የተከበረው በእኛ ነው ትላለች። በሥራ ቦታ ኬኩ ሲቆረስ «እናንተስ አገር እንዲህ ያለ አለ?» መባሉ አይቀርም። ቀላሉ መልስ «አዎ፣ ቅበላ የሚባል የእኛ ማርዲ ግራ አለን» ማለት ነው። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያሳስበው ስለ ቀረው ግማሽ ነው።

እውነቱን ልጀምር። የካርኒቫል ወራት በምዕራቡ ዓለም ከኤጲፋኒያ ተነሥቶ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ይዘልቃል። የእኛም ዘመን አቀማመጡ ያው ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይወጣል፤ ጥር የሠርግ ወር ይሆናል፤ በጾም ጋብቻ ስለማይፈጸም ያላገባ ይቸኩላል፤ በመካከሉ ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ገብታ «ቀኑ ቀርቧል» ብላ ታስጠነቅቃለች፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቅበላ ይደርሳል። ዳሱ፣ እስክስታው፣ ሙሽራው፣ ጠጁ፣ ሥጋው ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታጨቃል። በጥምቀትና በሁዳዴ መካከል የተዘረጋ የደስታ ወራት ካርኒቫል ከተባለ፣ እኛም አለን።

ስለ አቆጣጠሩ የጻፈ አንድ የውጭ ምስክር አለ። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ኢትዮጵያውያን ጾሙን የሚይዙት ከእነሱ ካርኒቫል ዐሥር ቀን ያህል ቀድመው እንደሆነ ይነግረናል። ሒሳቡን ስሠራው ስምንት ቀን ነው የሚወጣኝ፤ መቼም ቄሱ አሃዙን ጠቅለል አድርጎታል። ዋናው ነገር በእሱ ዘመን ልዩነቱ በየዓመቱ እኩል መሆኑ ነው። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን በአንድ ቀን ያከብሩ ነበርና። በ1582 ሮም አቆጣጠሯን ስታሻሽል ክሩ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ ቅበላና ማርዲ ግራ አንዴ ይቀራረባሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ማርዲ ግራ የካቲት 5 ሲውል የእኛ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነበር። በ2025 ፋሲካው ስለገጠመ የአልቫሬዝ ዘመን ልዩነት ተመለሰ፤ የኒው ኦርሊንስ ሰልፍ ሲወጣ እኛ ሁለተኛውን የጾም ሳምንት ጀምረን ነበር፤ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያለበት ያ ባለ ቀለም ኬክም ጠረጴዛዬ ላይ ሳይነካ ዋለ። በ2026 ደግሞ ቅበላችን እሑድ የካቲት 8፣ ማርዲ ግራ ማክሰኞ የካቲት 10 ዋለ። ጎረቤት ለጎረቤት ማለት ነው።

ከምሥራቆቹ ጋር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግሪኮችና ሩሲያውያን ከሥጋ የሚሰናበቱበት እሑድ ሁልጊዜም ከእኛ ቅበላ እሑድ ጋር አንድ ቀን ነው። ልዩነቱ በማግሥቱ ይጀምራል። ሩሲያዊው ሰኞ ዕለት ቂጣውን በቅቤ እያራሰ፣ ወተቱንና ዓይቡን እየበላ አንድ ሳምንት ይጨምራል። ማስሌኒጻ ማለት ያች ሳምንት ናት። የእኛ ሰው በዚያው ሰኞ ቅቤውንም ሥጋውንም አንድ ላይ ዘግቶ ሽሮ ጥዷል። ይህች ሳምንት በእኛ ዘንድ ጾመ ሕርቃል ትባላለች፤ በፋርሶች የተማረከውን መስቀል ያስመለሰው የቢዛንታዩ ንጉሥ ሕራቅሊዮስ፣ መሐላውን አፍርሶ ደም ስላፈሰሰ ምእመናን ስለ እሱ የጾሙት ነው ይላል ትውፊቱ። የምሥራቆቹ ስንብት ሁለት ደረጃ አለው፤ የእኛ አንድ በር ብቻ። እሑድ ማታ ይዘጋል።

በሩ ሲዘጋ ደግሞ የሚሸኘው ሥጋ ብቻ አይደለም። የቅበላው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ዘወረደ ነው። ከዚያ ጀምሮ ጾመ ድጓው ይገለጣል፤ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ማኅሌቱ በመቋሚያ ይቀጥላል። በቤትም እናቶች ድስቱንና ሣህኑን በአመድ ፈትገው ያነጣሉ፤ የሥጋው ቢላዋ ከእይታ ይሰወራል። አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ስለ ካርኒቫል የተጻፉ መጻሕፍት ግን ስለሚበላው እንጂ ስለሚታጠበው ብዙም አያወሩም።

በእኔ የትምህርት ክፍል ካርኒቫል ከተነሣ ባኽቲን መነሣቱ ግድ ነው። ሩሲያዊው ሃያሲ ስለ ራብሌ የጻፈውና በ1965 የታተመው መጽሐፉ፣ ካርኒቫልን ዓለም ለጥቂት ቀን የምትገለበጥበት ጊዜ አድርጎ ያየዋል፤ ሎሌ ይነግሣል፣ ንጉሥ ይሳቅበታል፣ ሆድና ሳቅ ሥልጣን ይይዛሉ። ለኒው ኦርሊንስ ይህ ልክ ይገጥማል። በ1909 ዙሉ የሚባለው የጥቁሮች ማኅበር ሰልፍ ሲወጣ ንጉሡ የስብ ቆርቆሮ ዘውድ ደፍቶ፣ የሙዝ ግንድ በትረ መንግሥት ጨብጦ ነበር፤ በነጮቹ ነገሥታት ላይ የተሳቀ ሳቅ ነው። በ1949 ያንኑ ዘውድ ሉዊስ አርምስትሮንግ ደፋው።

ይህን መነጽር አድርጎ ወደ ቅበላ የሚመለከት ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ተቃራኒውን ነው። በእኛ ታሪክ ትልቁ የሥጋና የጠጅ መድረክ ግብር ነበር። በምኒልክ አዳራሽ ሰው የሚገባው በማዕረጉ ተራ ነው፤ ጥሬ ሥጋው በእንጨት ተንጠልጥሎ በተጋባዦች መካከል ያልፋል፤ ጠጁም ቢሆን ለመኳንንቱ የሚቀዳው ጭፍራው ከሚደርሰው የተሻለ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት የበሬ ብልት በማዕረግ እንዴት ይከፋፈል እንደነበር ራሱን የቻለ ጥናት ጽፏል፤ ለየሹመቱና ለየሙያው የተለየ ብልት ነበረው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ዓለም አልተገለበጠችም፤ እንዲያውም ማን የት እንደቆመ በሥጋ ተጽፎ ለሁሉም ይታይ ነበር። የገለበጣት ካለ አዝማሪው ነው። ጌታውን እያወደሰ በሰምና ወርቅ የሚሸነቁጠው እሱ ብቻ ነበርና።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «የእኛ ድግስ ማዕረግን የሚያጸና እንጂ የሚያፈርስ አይደለም» ብሎ። እኔ ግን የቅበላን ታሪክ በቤተ መንግሥት መፈለጉ ራሱ ስህተት ይመስለኛል። የቅበላ መድረክ ቅርጫ ነው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ይታረዳል፤ ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደረደራል። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም፣ ከጭቅናው፣ ከጨጓራው፣ ከጉበቱ ለሁሉም። ግብሩ ላይ ሻኛ ለአንድ ሰው ክብር ነበር፤ ቅርጫው ላይ ሻኛ በስስ ተቆራርጦ በሁሉም መደብ ላይ ይወድቃል። አካፋዩ ከአንዱ መደብ ቁራሽ አንሥቶ ሌላው ላይ ይጥላል፣ ይመዝናል፣ ሽማግሌ ይከራከረዋል። በመጨረሻም መደቡን ባለቤት የሚመርጠው አይደለም። እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፤ ጠጠር፣ ጭራሮ፣ ቁልፍ፤ የማንን እንደያዘ የማያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ማዕረግ አያውቅም። ጭምብል የለም፣ የቆርቆሮ ዘውድ የለም፣ የሚሳቅበትም የለም። ባኽቲን በሳቅ ያገኘውን እኩልነት ቅርጫ በሚዛን አገኘው ማለት እችላለሁ።

ጆርጂያ ውስጥ የተረፈልንም ይኸው ነው። ግብር አልተሻገረም፤ ቅርጫ ግን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ተሻግሯል። የእኛ ማኅበር ስምንት ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአትላንታ ወጥተን ከብት አርቢ ጋ እንሄዳለን፤ ሥጋው የአንዱ ቤት ጋራዥ ውስጥ በፕላስቲክ ላይ ይደረደራል፤ ዕጣው የመኪና ቁልፍ ነው። የሆስፒታል ሐኪም፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ገና ወረቀት ያላገኘ ልጅ እና አንድ መመረቂያው የዘገየ ተማሪ እኩል መደብ ይወስዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ በደመወዝም በመኖሪያ ሰፈርም የተለያየን ሰዎች ነን፤ የተገናኘነው በሬው ላይ ነው። «ሥጋ እዚህ በየቀኑ አለ፣ ቅበላ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ሥጋ በእርግጥ በየቀኑ አለ። መደብ ግን የለም።

ስለ መጠጡ ሳልናገር አላልፍም። ጌሾው ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል፤ ማሩ ግን የሰሜን ጆርጂያ ተራሮች የሶርውድ ዛፍ ማር ነው፤ ነጣ ያለ፣ ኋላ ላይ ስኳር አሮ የመሰለ ጣዕም ያለው። ጠጁ ከአገር ቤቱ ቀለል ይላል፤ አንዳንድ ሽማግሌ «ብርዝ ነው» ብሎ ይሳለቃል። ወጣቶቹ ደግሞ በረዶ፣ ሎሚና ቡርቦን ጨምረው ኮክቴል ያደርጉታል። አዲስ አበባ ላይ ቢራ፣ ወይንና ለስላሳ ቀላቅሎ ቱርቦ ላለ ትውልድ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ነገሩ ከሚመስለው በላይ ወግ አለው፦ በ1806 አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያብራራ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ነገር ብሎ ነበር። ኒው ኦርሊንስ በ2008 ይፋዊ መጠጧ እንዲሆን የተወሰነላት ሳዘራክም የተሠራችው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ውስኪ፣ ስኳር፣ መራራ ቅመም፣ አብሲንት የታጠበበት ብርጭቆ። ጠጅ ከአልኮሉ በቀር ሁሉንም ይዞ ይነሣል፤ ጣፋጩ ማር፣ ውሃው፣ መራራው ጌሾ። አልኮሉን ራሱ ይወልደዋል። እኔ በበኩሌ ቡርቦኑ የጌሾውን ምሬት ስለሚሸፍነው አልወደውም፤ ሎሚው ግን ይስማማዋል።

እንግዲህ ኬኩ ሲቆረስ ለሚጠይቁኝ ሰዎች መልሴን ቀይሬያለሁ። «የእኛ ማርዲ ግራ» አልልም። ጾምን እንደ እንግዳ የምንቀበልበት ነው እላቸዋለሁ፤ ለእንግዳ ቤት ይጠረጋል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ ከጎረቤት ጋር ያለ ሒሳብ ይስተካከላል። ጥቂቶች ይገባቸዋል። አብዛኞቹ ስለ ጥሬ ሥጋው ብቻ ይጠይቃሉ፣ ይህም ያስኬዳል።

ከብት አርቢው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ ለምን እንደሚለዋወጥ። በ2024 የካቲት ማለቂያ ላይ መጣን፣ በ2026 የካቲት መጀመሪያ ላይ ደረስን። ከማኅበራችን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ አባት አሉ፤ የመጪዎቹን ዓመታት አስልተው በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉለት፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎታል። የ2019 ዓ.ም. ጾም ሰኞ የካቲት 29 ይገባል። በሬው ለቅዳሜ የካቲት 27 ተይዟል።