የኤፒዱራል መርፌና የሠልጣኙ እጅ፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

ሊጋመንተም ፍላቨም በተባለው ቢጫ ጅማትና በዱራ ሽፋን መካከል ያለው የኤፒዱራል ክፍተት በወገብ አካባቢ ስፋቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። መርፌው ከክፍተቱ ሳይደርስ ከቀረ ማደንዘዣው አይሠራም፤ አልፎ ዱራውን ከበሳ ደግሞ ታካሚው ለቀናት በሚዘልቅ ብርቱ ራስ ምታት ሊሠቃይ ይችላል። ስለሆነም የዚህ ሕክምና ታሪክ በአመዛኙ አንድ ጥያቄ የመመለስ ታሪክ ነው፤ የመርፌው ጫፍ ከስፍራው መድረሱ በምን ይታወቃል?

ስፔናዊው የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም ፊደል ፓሄስ እ.ኤ.አ. በ1921 ዘዴውን ይፋ ባደረገበት ጽሑፍ በ43 ቀዶ ሕክምናዎች ያገኘውን ልምድ ዘግቧል። የሚመካው መርፌው ጅማቱን ሲበሳ እጁ ላይ በሚሰማው ስሜት ነበር። ይህ ለራሱ ቢበቃውም ለሌላው ማስተላለፉ አዳጋች ነበር። ፓሄስም በ1923 በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ለጥያቄው ሁለት መልሶች ቀረቡ። ጣሊያናዊው አኪሌ ማሪዮ ዶሊዮቲ በ1933 በአሜሪካ ባሳተመው ጽሑፍ የስሪንጁን መግፊያ ሳያቋርጡ እየተጫኑ መርፌውን ማስገባትን አስተማረ፤ ጅማቱ ይቋቋማል፣ ጫፉ ክፍተቱ ውስጥ ሲገባ ግን ተቃውሞው በድንገት ይጠፋል። በዚያው ዓመት አርጀንቲናዊው አልቤርቶ ጉቲዬሬዝ በመርፌው አፍ ላይ የተንጠለጠለች የፈሳሽ ጠብታ ወደ ውስጥ መሳቧን ምልክት አድርጎ ገለጸ።

ለሠልጣኝ የጠብታው ዘዴ የሚማርክ ነው፤ መምህሩም ተማሪውም ያንኑ ምልክት በዓይናቸው ያያሉና። ሆኖም ጠብታዋ የምትሳበው በክፍተቱ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ሲያንስ ነው፤ ይህም በወገብ አካባቢ፣ በተለይም በምጥ ላይ ባለች እናት፣ አስተማማኝ አይደለም። በመሆኑም የዶሊዮቲ ዘዴ ይበልጥ ተስፋፋ። ስሪንጁ አየር ይያዝ ወይስ ኖርማል ሳላይን የሚለው ክርክር ግን ቀጠለ፤ በ2014 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በሁለቱ መካከል ግልጽ ልዩነት አላገኘም።

በዘዴ ያልተፈታው ችግር የልምድ ነው። በ1996 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሠልጣኞች በኤፒዱራል 90 በመቶ ስኬት ላይ ለመድረስ 60 ያህል ሙከራ፣ ለስፓይናል ደግሞ 45 ያህል እንደሚያስፈልጋቸው አመለከተ። እያንዳንዱ ሙከራ በአንድ ታካሚ ወገብ ላይ የሚደረግ ነው። የተቃውሞው መጥፋት የሚሰማው መርፌውን ለያዘው እጅ ብቻ በመሆኑ፣ መምህሩ ከሠልጣኙ ጎን ሊርቅ አይገባውም።